ፊርማው ከላይ ይሁን ወይስ ከታች? ስለ ሐቀኝነት የተጻፈ አንድ ዝነኛ ጥናት እንዴት እንደወደቀ

እስቲ በአንድ ቀላል ጥያቄ እንጀምር። ቅጽ ስትሞሉ ፊርማችሁን የምታኖሩት የት ላይ ነው? የግብር ማስታወቂያ ይሁን፣ የውሎ አበል ማወራረጃ ወይም የመድን ማመልከቻ፣ አብዛኛው ቅጽ ፊርማ የሚጠይቀው ከታች ነው። መጀመሪያ ትሞላላችሁ፤ ቀጥሎ «ከላይ የሞላሁት ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከምትለው ዓረፍተ ነገር ሥር ትፈርማላችሁ። ያበቃል።

በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አምስት ተመራማሪዎች «ይህ አሠራር የተገለበጠ ነው» አሉ። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፦ ሰው የሚዋሸው ቅጹን እየሞላ ሳለ ነው። ፊርማው ጋ ሲደርስ ውሸቱ ተጽፎ አልቋል፤ ለራሱም ምክንያት አበጅቶለታል። ፊርማው ከላይ ቢሆን ግን ሰውዬው ገና ብዕሩን ሲያነሳ ስለ እውነት ያስባል፤ ስለዚህ የሚዋሸው ይቀንሳል። ወጪው ምንም ነው። አንዲትን መስመር ከታች አንስቶ ከላይ ማስቀመጥ ብቻ።

ሐሳቡ ያምራል፤ ለማስረዳትም ቀላል ነው። ችግሩ ግን ጥናቱ በ2021 ከኅትመት መሻሩ ነው። የተሻረበት ምክንያት ደግሞ የስሌት ስህተት አይደለም። ስለ ሐቀኝነት የተሠራው ጥናት የተመሠረተበት ዳታ የፈጠራ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ይህን ታሪክ የሰማችሁት ትኖራላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚወራው «ታዋቂ ፕሮፌሰሮች ተጋለጡ» ተብሎ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ሌላ ጎኑን ነው፦ በሥራ አመራር፣ በፋይናንስና በሥነ ምግባር ላይ የሚሠሩ ጥናቶችን የምናነብ፣ የምናስተምርና በሥራ ላይ የምናውል ሰዎች ይህን ወረቀት ለዘጠኝ ዓመታት እንዴት አመንነው? «እኛ» ስል ራሴንም ጨምሬ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጥናቱ ምን አለ?

ጽሑፉ የወጣው በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጆርናል ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ ሊዛ ሹ፣ ኒና ማዛር፣ ፍራንቼስካ ጂኖ፣ ዳን አሪዬሊ እና ማክስ ቤዘርማን ናቸው። ከነሱ መካከል በተለይ አሪዬሊ በመጻሕፍቱ፣ ጂኖ ደግሞ በሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ፕሮፌሰርነቷ በሰፊው የሚታወቁ ነበሩ።

በውስጡ ሦስት ሙከራዎች አሉ። የመጀመሪያው በቤተ ሙከራ 101 ሰዎች ላይ የተካሄደ ነው። ተሳታፊዎቹ የቁጥር እንቆቅልሽ ይፈታሉ፤ ስንት እንደፈቱ ራሳቸው ይናገራሉ፤ በዚያው ልክ ይከፈላቸዋል። ከዚያ ቅጽ ይሞላሉ። በሪፖርቱ መሠረት ከታች ከፈረሙት ውስጥ 79 በመቶው ውጤታቸውን አጋነኑ፤ ከላይ ከፈረሙት ግን ያጋነኑት 37 በመቶ ብቻ ናቸው።

ጽሑፉን ዝነኛ ያደረገው ግን ሦስተኛው ሙከራ ነው፤ ምክንያቱም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እውነተኛ ገበያ ውስጥ ገብቷል። አንድ የአሜሪካ የመድን ኩባንያ ለደንበኞቹ ቅጽ ልኮ «የመኪናዎ የርቀት ቆጣሪ አሁን ስንት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ ይላል። ብዙ የሚነዳ ሰው አረቦኑ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ አሳንሶ መጻፍ ያዋጣል። ግማሹ ሰው ቅጹን ሳይሞላ በፊት ፈረመ፤ ግማሹ ሞልቶ ሲጨርስ። በ13,488 የመድን ውሎችና በ20,741 መኪናዎች ላይ በተደረገው ንጽጽር ከላይ የፈረሙት ሰዎች በአማካይ ወደ 2,400 ማይል የሚጠጋ፣ ማለትም አሥር በመቶ ያህል፣ ብልጫ ያለው ጉዞ አስመዘገቡ። ትርጓሜው፦ ከላይ መፈረም ሰውን ሐቀኛ ያደርጋል።

በቃ፣ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፣ ሥልጠና ውስጥ ገባ። የተለያዩ አገሮች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሐሳቡን ቅጾቻቸው ላይ ሞከሩት።

እኔም አስተምሬዋለሁ

የራሴን ነገር ልናገር። ይህን ጥናት በቢዝነስ ሥነ ምግባር ኮርስ ላይ ለበርካታ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ተማሪዎች ይወዱታል፤ አስተማሪም ይወደዋል፤ ክፍሉን የሚያነቃ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ሥልጠና እንድሰጥ ጠርቶኝ፣ የውሎ አበል ማወራረጃ ቅጻቸው ላይ ያለውን ፊርማ ወደ ላይ እንዲያወጡት መከርኩ። ሁለቱን ቁጥሮች፣ 37 እና 79ን፣ በትልቁ ስክሪን ላይ አሳየሁ።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ የሒሳብ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ገና ያልተሞላ ወረቀት ላይ ሰው ፈርም ይባላል እንዴ? እኛ ስንቀጠር መጀመሪያ የተነገረን ባዶ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ «ጥናቱ የሚያሳየው ግን…» ብዬ ቀጠልኩ።

ዛሬ ሳስበው ያፈርኩበት ፈገግታ ነው። ሴትዮዋ ያነሱት ጥያቄ የሙያ ጥያቄ ነበር፦ ፊርማ ማለት ከላዩ የተጻፈውን ማጽደቅ ነው፤ ገና ያልተጻፈን ነገር ማጽደቅ አይቻልም። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ጥናቱን እንደ ጋሻ ይዤ አለፍኩት። ጥናቱን ደግሞ አንብቤዋለሁ እንጂ ዳታውን አይቼው አላውቅም። በወቅቱ ከደራሲዎቹ ክበብ ውጪ ያለ ሰው ቢፈልግም አያገኘውም ነበር።

አማካዩ የደበቀው

ታዲያ እንዴት ተያዘ? በ2020 የጥናቱ ደራሲዎች ራሳቸው ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ሙከራውን ደጋግመው ሞከሩት። አልሠራም። «ከላይ መፈረም ውሸትን አይቀንስም» የሚል አዲስ ጽሑፍ በዚያው ጆርናል ላይ አወጡ። ይህ በራሱ የሚመሰገን ነው። ከአዲሱ ጽሑፍ ጋር ደግሞ የ2012ቱን የመድን ዳታ ማንም እንዲያየው ይፋ አደረጉት። ነገሩ የተገለጠው በዚህ በር ነው። ስማቸውን ያልገለጹ ተመራማሪዎች ፋይሉን ከፍተው ሲያዩ አንድ ነገር ገረማቸው፤ ዳታ ኮላዳ በሚል ስም የምርምር ጽሑፎችን ወደሚመረምሩት ሦስት ምሁራን፣ ወደ ዩሪ ሳይመንሰን፣ ሊፍ ኔልሰን እና ጆ ሲመንስ ወሰዱት። ግኝቱ በነሐሴ 2021 ወጣ።

ያገኙትን አንድ በአንድ እንየው። ከባድ ስታቲስቲክስ አያስፈልገውም።

አንደኛው የስርጭቱ ቅርጽ ነው። የምታውቋቸውን መኪና ያላቸውን ሰዎች አስቡ። አብዛኛው ሰው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው፤ መጠነኛ ርቀት ይነዳል። መኪናዋን አቁሟት የሚከርም ጥቂት ሰው አለ። እንደ ታክሲ ሹፌር ቀኑን ሙሉ የሚነዳም ጥቂት አለ። ይህን በግራፍ ብትሥሉት መሐሉ ጉብ ያለ፣ ጫፍና ጫፉ የሳሳ ኮረብታ ይሆናል። በዚያ ፋይል ውስጥ ግን ኮረብታ የለም፤ ያለው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ የሆነ ነገር ነው። 1,000 ማይል ያህል የነዳው፣ 25,000 የነዳው እና 49,000 የነዳው ሰው ቁጥር እኩል ነው። 50,000 ላይ ሲደርስ ደግሞ ድንገት ይቆረጣል፤ ከዚያ በላይ የነዳ አንድም መኪና የለም። እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ኤክሴልን «ከዜሮ እስከ 50,000 ባለው ውስጥ የፈለግከውን ቁጥር ስጠኝ» ስትሉት ነው።

ሁለተኛው ሰው ቁጥር የሚጽፍበት ልማድ ነው። ሰው ቁጥር ሲናገር ያጠጋጋል። «መኪናህ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?» ብትሉት «ወደ 80 ሺህ» ነው የሚላችሁ፤ 80,317 የሚል ጥቂት ነው። በፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያው ንባብ እንዲህ የተጠጋጉ ቁጥሮች ይበዙበታል። ሁለተኛው ንባብ ላይ ግን ማጠጋጋቱ ብን ብሎ ጠፋ። ያው ሰው፣ ያው መኪና፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ብቻ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ጠንቃቃ ሆነ ማለት ነው? አይመስልም።

ሦስተኛው የሚያስገርም ነው፤ ፎንቱ። የመጀመሪያው ንባብ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቁጥር በካሊብሪ፣ ግማሹ በካምብሪያ የፊደል ቅርጽ ተጽፏል። እያንዳንዱ የካሊብሪ ረድፍ ደግሞ በካምብሪያ የተጻፈ መንትያ አለው፤ የመንትያው ቁጥር ከሱ በ1,000 ማይል ባልበለጠ ከፍ ያለ ነው። ማለትም ፋይሉ ተገልብጦ፣ በላዩ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ቁጥር ተጨምሮ፣ እጥፍ እንዲሆን የተደረገ ይመስላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጽሑፉ ለአንባቢ የሰጠው አማካይ ነው፤ ሁለት አማካዮችና በመካከላቸው ያለው ልዩነት። አማካይ ደግሞ ቅርጽን ይደብቃል። የኮረብታውም የጠረጴዛውም አማካይ አንድ ሊሆን ይችላል። ስርጭቱን የምታሳይ አንዲት ግራፍ ከዓይን ፊት ብትቀመጥ ኖሮ፣ የስታቲስቲክስ ኮርስ የወሰደ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ በጠየቀ ነበር። በጽሑፉ ላይ ያለኝ ዋናው ትችት ይህ ነው። ማንም ፈጠረው ማን፣ ጽሑፉ የተገነባው አንባቢ ለመመርመር በማይችልበት መንገድ ነበር፤ የዚያን ጊዜው አሠራርም ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠረውም።

ሌላም አለ። በ2020ው ጽሑፍ ላይ ደራሲዎቹ ራሳቸው አንድ እንግዳ ነገር አይተው ነበር። ገና ማንም ሳይፈርም በፊት በተመዘገበው ንባብ ላይ የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ወደ 15,000 ማይል ነበር። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከከፈላችሁ፣ ያውም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ እንዲህ ያለ ልዩነት አይመጣም። ደራሲዎቹ ግን «የዕጣው አከፋፈል አልተሳካም ይሆናል» ብለው ተረጎሙት። ይህ የመጥፎ ሰው ባሕርይ አይደለም፤ የባልደረባን ሥራ የማመን ልማድ ነው። ልማዱ በሰፈር ጥሩ ነው። ሳይንስ ውስጥ ግን ያስከፍላል።

ማን አደረገው?

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመድኑን ዳታ ከኩባንያው ጋር ተገናኝቶ ያመጣው አሪዬሊ ነው። እሱ ዳታውን እንዳልፈጠረና ፋይሉ ከኩባንያው የመጣ መሆኑን ተናግሯል። ኩባንያው በበኩሉ የሰጠሁት መረጃ ከታተመው ያነሰ ነው፤ ከሰጠሁ በኋላ ተቀይሯል ብሏል። ጽሑፉ በመስከረም 2021 ተሻረ።

በሰኔ 2023 ደግሞ ሦስቱ መርማሪዎች ሌላ ነገር ይዘው መጡ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ሙከራ፣ የነ37 እና 79 በመቶው ማለት ነው፣ የራሱ ችግር አለበት። ፋይሉ በቡድንና በተሳታፊ ቁጥር ተራ የተደረደረ ሆኖ ሳለ ጥቂት ረድፎች ያለ ቦታቸው ተገኙ። ኤክሴል ስሌቶችን በምን ቅደም ተከተል እንደሠራ የሚመዘግብበት ድብቅ ማኅደር አለው፤ እሱ ሲታይ ረድፎቹ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የተዛወሩ መሆናቸውን ይጠቁማል። ከቦታቸው የወጡት ረድፎች ደግሞ የጥናቱን መደምደሚያ አጥብቀው የሚደግፉት ናቸው። ይህ ሙከራ የጂኖ ነበር። ሃርቫርድ በራሱ ምርመራ ጥፋት አግኝቻለሁ አለ፤ በ2023 ከሥራ አገዳት፤ በግንቦት 2025 ቋሚ ሹመቷን ነጠቀ። እሷ ዳታ አልነካሁም ብላ እስካሁን ትከራከራለች። በነሐሴ 2023 ዩኒቨርሲቲውንና ሦስቱን መርማሪዎች በ25 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰች፤ በመስከረም 2024 ዳኛው የስም ማጥፋት ክሱን ውድቅ አድርገው በዩኒቨርሲቲው ላይ ያቀረበችው የውል ክርክር እንዲቀጥል ፈቀዱ።

እንግዲህ አስቡት። ስለ ሐቀኝነት በተጻፈ አንድ ጽሑፍ ውስጥ፣ በተለያዩ ሰዎች እጅ ያለፉ ሁለት ፋይሎች፣ ሁለቱም የተነካኩ ሆነው ተገኙ። ወሬ ለሚወድ ሰው ግሩም ወሬ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ነው፦ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ካሉ፣ ማንም ያልከፈታቸው ፋይሎች ውስጥ ስንት አሉ?

የማጣራት ዋጋ

«ገምጋሚዎች የት ሄደው?» ትሉ ይሆናል። የአቻ ግምገማ ምን እንደሆነ በግልጽ እንነጋገር። አንድ ጽሑፍ ለጆርናል ሲላክ ሁለት ወይም ሦስት የሙያው ሰዎች በነጻ፣ ከሥራቸው ላይ ጊዜ ሸርፈው ያነቡታል። የሚያነቡት ጽሑፉን ነው። ሐሳቡ አዲስ ነው? ዘዴው ይስማማል? የቀደሙ ሥራዎች ተጠቅሰዋል? ይህን ይመዝናሉ። የዳታውን ፋይል ከፍቶ ረድፍ በረድፍ ማየት የሥራው አካል አልነበረም፤ ዛሬም በብዙ ጆርናሎች አይደለም። ኦዲተር ደረሰኝ ሳያይ ሒሳብ ዘጋ ብትባሉ ትስማማላችሁ? ስለ ኦዲት የምናስተምር ሰዎች የራሳችንን ሒሳብ የምንዘጋው ግን እንደዚያ ነበር።

የሚያጣራ ሰው ደግሞ ምን ያገኛል? በጂኖ ሥራ ላይ ቀድማ ጥያቄ ያነሳችው ዞዬ ዚያኒ የተባለች የዶክትሬት ተማሪ ናት። እንደ ራሷ ትረካ፣ ትችቷን በመመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ ስታስገባ ከገምጋሚ ኮሚቴዋ አባላት ዘንድ አውጪው የሚል ግፊት ደረሰባት። ሦስቱ መርማሪዎችም ያተረፉት ክስ ነው። የሕግ ወጪያቸውን የሸፈነላቸው ከሙያ ባልደረቦቻቸው የተዋጣ ከ300,000 ዶላር በላይ ገንዘብ ነው። አንድ ሙያ አዲስ ግኝት ላመጣ ሹመት፣ ግኝቱን ላጣራ ክስ የሚሰጥ ከሆነ፣ ምን እንደሚበዛለት ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ውሸት ነው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። በ2015 በሥነ ልቦና ዘርፍ 100 ጥናቶች ሲደገሙ ግልጽ ውጤት የሰጡት 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ያልተደገሙት ሁሉ ግን ማጭበርበር አይደሉም። በአነስተኛ ናሙና፣ በዕድልና «ውጤት እስኪመጣ ደጋግሞ በመፈተሽ» የሚመጣ ችግር ከማጭበርበር ይልቅ እጅግ የተለመደ ነው። አሠራር ሲቀየር ለውጥ እንደሚመጣም ታይቷል። በሥራ አመራር ዘርፍ ካሉት ታላላቅ ጆርናሎች አንዱ የሆነው ማኔጅመንት ሳይንስ በ2019 ደራሲዎች ዳታቸውንና የስሌት ኮዳቸውን እንዲያስረክቡ ግዴታ አደረገ። ከዚያ በኋላ ወደ 500 የሚጠጉ ጽሑፎቹ በብዙ መቶ ተመራማሪዎች ሲፈተሹ፣ ዳታቸው በተገኘው ጽሑፎች ላይ 95 በመቶ ያህሉ የታተመውን ውጤት መልሰው ሰጥተዋል። ዳታቸው ሊገኝ ያልቻለው ሲደመር ግን ቁጥሩ ወደ 68 በመቶ ይወርዳል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ፣ ማስረከብ በፈቃደኝነት በነበረበት ጊዜ፣ 55 በመቶ ያህል ነበር። ስሌቱ ተመልሶ መምጣቱ ዳታው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ በፈጠራ ዳታ ላይም ትክክለኛ ስሌት ይሠራል። ቢሆንም ፋይሉ ክፍት ከሆነ የሚያየው ሰው ይኖራል። የመድኑ ጥናት የወደቀው እኮ ፋይሉ በተከፈተ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ተዘግቶ የኖረው ስምንት ዓመት ነበር።

እኛስ?

«ይሄ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ነገር ያገባናል።

አንደኛው፣ ግኝቱ ይደርሰናል፤ መሻሩ አይደርሰንም። የቢዝነስ ትምህርት ክፍሎቻችን የሚያስተምሩት በአብዛኛው ከውጭ በመጣ መማሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ጥናቱ ቢሻር፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ቅጂ አይታረምም። ሥልጠና የሚሰጠውም ሰው የድሮውን ስላይድ ይዞ ይዞራል። እኔ መሻሩን የሰማሁት በአጋጣሚ ነው፤ ከወራት በኋላ። ያሠለጠንኩት መሥሪያ ቤት ማን ይንገረው?

ሁለተኛው፣ የእኛም ፋይል አይከፈትም። በየዓመቱ በሥራ አመራር፣ በሒሳብና በፋይናንስ የሚጻፈውን የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ አስቡት። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ከአንድ እስከ አምስት የሚመዘን መጠይቅ፣ ጥቂት መቶ መላሾች፣ በኤስፒኤስኤስ የወጣ ሠንጠረዥ፣ «አዎንታዊና ጉልህ ተጽዕኖ አለው» የሚል መደምደሚያ። መጠይቁን በእውነት ማን ሞላው? የተመለሱት ወረቀቶች የት ናቸው? እንደ አማካሪና ፈታኝ ሆኜ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ፋይሉን አምጣ ብዬ የጠየቅኩት ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ በመብራት ምሰሶና በጽሕፈት ቤቶች በር ላይ «ሪሰርች እናማክራለን፣ ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ እያየን አልፈን እንገባና፣ ውስጥ «እንኳን ደስ ያለህ» እንላለን። ብዙው ተማሪ በላቡ የሚሠራ መሆኑን አውቃለሁ። ችግሩ በላቡ የሠራውን ካልሠራው የምንለይበት መንገድ አለማበጀታችን ነው። ይህ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው በላቡ የሠራውን ነው።

በነዚህ ጽሑፎች ላይ ቆመን ደግሞ ምክር እንሰጣለን። ባንኮች ብድር ለማን ይስጡ፣ ሠራተኛ በምን ይነቃቃል፣ ግብር ከፋዩ ለምን ይሸሻል እያልን። የተሳሳተ ምክር ዋጋ የሚከፍልበት ሰው አለው፤ ሰውየው ግን ብዙውን ጊዜ ጥናቱን አያነበውም።

ምን እንጠይቅ?

አንባቢ እንደመሆናችሁ የዳታ መርማሪ እንድትሆኑ አልጠብቅም። ግን «ጥናት አረጋገጠ» ሲባል እነዚህን አራት ጥያቄዎች ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል።

ዳታው ይታያል? ይፋ ካልሆነ ለምን? የደንበኞች ምሥጢር ከሆነ አሳማኝ ነው፤ ዝም ከተባለ ግን አይደለም።

ከአማካዩ ጀርባ ያለው ቅርጽ ምን ይመስላል? አንድ ግራፍ ብቻ ይበቃል። ሁለት አማካዮችን ብቻ የሚሰጣችሁን ሰው «መሐሉ ላይ ምን አለ?» በሉት።

ሌላ ሰው ሠርቶት ያው ውጤት መጣ? አንድ ጥናት ጅምር ነው። ቅጽ የሚቀየርበት፣ ፖሊሲ የሚወጣበት ማስረጃ አይደለም።

የሥራው ባለቤት ምን ይላል? በየቀኑ ቅጽ የሚያገላብጥ፣ ብድር የሚሰበስብ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው «ይሄ ነገር እንዴት ይሆናል?» ካለ፣ ተቃውሞው ራሱ ዳታ ነው። ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ሳይመለስለት መታለፍ ግን የለበትም።

ለመምህራን አንድ እጨምራለሁ። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ፣ እኔ የማማክረው ተማሪ ጽሑፉን ሲያስረክብ የመላሾችን ስም ያስወገደ የዳታ ፋይልና የተሞሉትን መጠይቆች አብሮ ያስረክባል። በመከላከያው ቀንም ፋይሉ ስክሪን ላይ ይከፈታል። ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ማንም አማካሪ ነገ ሊጀምረው ይችላል። ትክክለኛ ሥራ የሠራ ተማሪ ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ድካሙ ይታይለታል።

ወደዚያ መሥሪያ ቤት በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነበር። የውሎ አበል ቅጹ ላይ ፊርማው አሁንም ከላይ ነው። ለሚመለከተው ኃላፊ ጥናቱ መሻሩን ነገርኩት፤ «እንዴ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ያመጡት?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ቅጹ በብዛት ስለታተመ እስኪያልቅ ይቆያል ተባለ። የሒሳብ ሠራተኛዋን ይቅርታ ልጠይቅ ቢሯቸውን ሳጠያይቅ ጡረታ ወጥተዋል አሉኝ። ስለዚህ እዚሁ ላይ እላለሁ፦ እትዬ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነበር፤ መልስ አልነበረኝም።